ድርቅ ሳይደርስ ስለሚመከር ምክር
ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፥ መሬትም ለያዙ ሁሉ የተሰናዳ ትምህርት

ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን አሰናድቶ ሰማይን የሚመለከትበት ወራት በየዓመቱ ይመጣል። አባቶች ከብዙ ዘመን ልማድ የተነሣ የትኛው እህል በየትኛው በዓል አካባቢ እንደሚዘራ፥ ከብቱም ወደ ቆላ የሚወርድበትንና ወደ ደጋ የሚመለስበትን ጊዜ ለይተው ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ቍጥር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ሳይሳሳት ይናገራል፤ የዝናሙን መምጫ ቀን ግን አይናገርም። ክረምት በቍጥሩ ገብቶ ዝናም የዘገየበት፥ ወይም ዝናሙ በጊዜው መጥቶ እህሉ ሳያፈራ የተቋረጠበት ዓመት ጥቂት አይደለም። ይህም መለዋወጥ ባሁኑ ዘመን እየበረታ ስለ ሄደ፥ በልማድ ብቻ ይመራ የነበረው ሥራ በምክርና በጽሕፈት መመራት አስፈልጎታል።

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር አንድ ነው። ዝናምን ማዝነም የሹም ሥልጣን አይደለም። ዝናም በጎደለ ጊዜ ግን ገበሬው በሬውን ሸጦ፥ ዘሩን በልቶ፥ ባዶ እጁን እንዳይቀር ማድረግ የሹም ሥራ ነው። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል፤ ረኃብ ግን ብዙውን ጊዜ ከምክር መዘግየት ይመጣል። ስለዚህ የወረዳ ምክር ቤት ምን ምልክት ሲታይ፥ በየትኛው ቀን፥ ማን ምን እንዲያደርግ አስቀድሞ ወስኖ መጻፍ ይገባዋል። ይህም እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

ስለ አየር ጠባይ መለወጥ

የምድር አየር የሚሞቅበት ምክንያት በሊቃውንት ምርመራ የታወቀ ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት መቃጠል፥ ከደንም መመንጠር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በአየር ውስጥ ይከማችና፥ ምድር ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያስቀረዋል። ይህን ጋዝ በብዛት የለቀቁት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ጉዳቱ ግን ዝናም ጠብቆ ለሚያርስ ገበሬና ሣር ተከትሎ ለሚሄድ ከብት አርቢ ይብሳል።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ዘመን የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ብሏል። ቍጥሩ ለተመልካች ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አየሩ በሞቀ መጠን የእርሻው እርጥበት ቶሎ ይደርቃል፤ ኩሬውም ቶሎ ይነጥፋል። ስለዚህ የዝናሙ ልክ ሳይቀነስ እንኳ ሰብሉ ሊጠማ ይችላል። ሁለተኛም፥ የሞቀ አየር ከቀዘቀዘው ይልቅ ብዙ የውኃ ተን ይሸከማል። በዚህ ምክንያት ዝናሙ በመጣ ጊዜ በአንድ ቀን በብዛት ይወርድና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። አንዱ ወረዳ ባንድ ዓመት ውስጥ ድርቅንም ጎርፍንም የሚያይበት ምክንያት ይህ ነው።

የዝናሙ መጉደልና መብዛት ከሩቅ ባሕር ጠባይ ጋር የተያያዘ መሆኑንም ሹማምንት ሊያውቁት ይገባል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ ያለው ውኃ ከልማዱ በላይ የሞቀ እንደ ሆነ ኤል ኒኞ፥ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ላ ኒኛ ይባላል። ኤል ኒኞ በመጣባቸው ዓመታት በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ፥ በምሥራቁም ተዳፋት የክረምቱ ዝናም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። በቦረናና በሶማሌ ቆላ ግን በዚያው ዓመት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ የሚዘንበው ዝናም ብዙውን ጊዜ ይበዛል፤ በእነርሱ ዘንድ የሚያስፈራው ላ ኒኛ ነው። እንግዲህ አንዱ ምልክት ለሁሉ አገር አንድ አይደለምና፥ አንዱ ወረዳ የሌላውን ወረዳ ዕቅድ ስሙን ብቻ ለውጦ መገልበጥ አይገባውም።

ካለፈው ዘመን የሚገኝ ትምህርት

በ1880 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የከብት በሽታ ተዛምቶ የአገሩን በሬ ፈጀው። ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ይህ መከራ «ክፉ ቀን» ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። በዚያ ዘመን ዝናም በዘነበ ጊዜ እንኳ የሚጠመድ በሬ ስለ ጠፋ ብዙ ምድር ጦም አድሮአል። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ ይተረካል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ረኃብን የሚያስረዝመው የዝናም መጥፋት ብቻ ሳይሆን የእርሻ መሣሪያና የበሬ መጥፋት መሆኑ ነው።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ድርቅ በጸና ጊዜ የሕዝቡ መከራ በጊዜው ሳይገለጥና እርዳታ ሳይደርስ ቀረ። ነገሩ በዓለም ሁሉ የታወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ብዙ ሰው አልቆ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ከጦርነት ጋር ስለ ተገናኘ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ።

በ2007 ዓ.ም. የበልጉም የክረምቱም ዝናም በብዙ አገር ጎደለ። በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ሆኖም የ1977 ዓ.ም. ዓይነት እልቂት አልሆነም። ለዚህም አንዱ ምክንያት፥ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ወደ 8 ሚሊዮን የሚሆን ችግረኛ ሕዝብ አስቀድሞ በመዝገብ ይዞ ስለ ነበረ ነው። መዝገቡና የማከፋፈያው መንገድ ከድርቁ በፊት የተሰናዳ ስለ ሆነ እርዳታው ሕዝቡን ሊያገኘው ቻለ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በቦረናና በሶማሌ አገር ዝናም አምስት ወቅት በተከታታይ ጎደለ። በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አለቀ። በኋላ ዝናም በመጣ ጊዜ ሣሩ በቀለ፤ የሚግጠው ከብት ግን አልነበረም። ከብቱን ያጣ አርቢ ሣር በማየት አይጠግብም። ከክፉ ቀን ወዲህ ከ120 ዓመት በላይ ቢያልፍም ትምህርቱ ያው ነው፤ ሰው የሚተዳደርበት ጥሪት ሳይጠፋ ካልተደረሰለት፥ በኋላ የሚመጣው እርዳታ ነፍሱን ያቈያል እንጂ ኑሮውን አይመልስለትም።

በበጋ ወራት ስለሚሰናዳው ነገር

ምክር ቤት የሚመክርበት ጊዜ በጋ ነው። በጋ መኸር የገባበት፥ ሰው ዕረፍት ያለው፥ ያለፈውም ክረምት ገና ያልተረሳበት ወራት ነውና። በዚህ ጊዜ ሦስት መዝገቦች ይሰናዳሉ።

1ኛ፤ የዝናም መዝገብ። የዝናም መለኪያ ዕቃ ዋጋው ከባድ አይደለም። በየቀበሌው በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በልማት ሠራተኛው ጽሕፈት ቤት ከዛፍና ከቤት ጥላ ርቆ ይተከላል። አንድ ሰው በየጧቱ በ3 ሰዓት ልኩን አይቶ ይጽፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ በአንድ ሄክታር ላይም 10,000 ሊትር ይሆናል። ዝናሙ በዛ ወይም አነሰ ብሎ በግምት ከመከራከር በመዝገብ መነጋገር ይሻላል። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ በጋ፥ ስለ በልግና ስለ ክረምት በየወቅቱ፥ ደግሞም በየ10 ቀኑ ወሬ ያወጣል። የወቅቱ ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፥ «መደበኛ»፥ «ከመደበኛ በታች» ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል ከ100 እጅ 45 ነው ቢባል፥ በእርግጥ ይጎድላል ማለት አይደለም፤ ከልማዱ ይልቅ ያሠጋል ማለት ነው። ለሚያሠጋ ነገር መሰናዳት ብልህነት ነው።

2ኛ፤ የምድርና የውኃ መዝገብ። በቀበሌው ያለው ምንጭ፥ ጉድጓድና ኩሬ ሁሉ ከነስሙ ይጻፋል። ሽማግሌዎችና ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ተጠርተው፥ በክፉ ዓመት የነጠፈው ምንጭ የትኛው እንደ ነበረ፥ ያልነጠፈውስ የትኛው እንደ ሆነ ይጠየቃሉ። ይህን ነገር ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ከሹሙ አብልጠው ያውቁታልና ቃላቸው ሳይናቅ ይመዝገብ። ለናዳ የሚያሠጋ ገደልና ጎርፍ የሚወርድበት ቦይም በዚሁ መዝገብ ይገባል።

3ኛ፤ የቤተ ሰብ መዝገብ። በሬ የሌለው፥ አንድ በሬ ብቻ ያለው፥ መሬት የሌለው፥ የባል የሞተባት፥ ሽማግሌና ሕመምተኛ፥ ልጅ የምታጠባ እናት ተለይተው ይጻፋሉ። ስሙ በዝምድና ወይም በውለታ እንዳይገባ፥ ወይም በቂም እንዳይወጣ መዝገቡ በቀበሌው ጉባኤ ፊት ጮኾ ይነበብ። በአደባባይ የተነበበ መዝገብ በጓዳ ከተጻፈ መዝገብ ይልቅ ይታመናል።

ከመዝገቡ ቀጥሎ ዘር ይሰናዳል። በምሥራቁ ተዳፋትና በወሎ ቆላ ያሉ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ የሚከተሉት ሥርዓት አላቸው። ዝናም በሚያዝያ የመጣ እንደ ሆነ ብዙ ወራት የሚፈጀውን ማሽላ ይዘራሉ። ዝናሙ የዘገየ እንደ ሆነ ፈጥኖ የሚደርሰውን ማሽላ፥ ከዚያም ቢዘገይ ጤፍ፥ በመጨረሻም በመረሬ መሬት በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራሉ። ይህ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ችግር አለበት። የመጀመሪያው ዘር በምድር የበሰበሰበት ድኻ ለሁለተኛው የሚሆን ዘር አያገኝም፤ ቢያገኝም በአራጣ ነው። እንግዲህ ምክር ቤቱ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ገበሬውን ጥበብ ማስተማር አይደለም፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዘር በጎተራ ማቈየት ነው።

ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ 400 ቤተ ሰብ እያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር ጤፍ እንደገና ቢዘራ 200 ሄክታር ይሆናል። ለአንድ ሄክታር በብተና 25 ኪሎ ዘር ቢፈለግ 5,000 ኪሎ፥ ማለት 50 ኩንታል ያስፈልጋል። ሃምሳ ኩንታል በታኅሣሥ ወር በርካሽ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ በሐምሌ ግን በእጥፍ ዋጋም ላይገኝ ይችላል። ዘሩ ከነቀዝና ከርጥበት ተጠብቆ ይቀመጥ፤ ያልተፈለገበት ዓመት ሲመጣ አሮጌው ተሸጦ በአዲስ ይለወጥ።

መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ባለ ይዞታም እዚህ ላይ ግዴታ አለበት። የተዘራው በድርቅ የጠፋ እንደ ሆነ ሁለተኛውን ዘር ማን እንደሚያወጣ በውሉ ሳይጻፍ ስለሚቀር፥ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ የዘር ጊዜው ያልፋል። ምክር ቤቱ ይህ ነገር በየውሉ እንዲገባ ማድረግ ይገባዋል። ዘሩን ከሁለቱ አንዱ ቢያወጣው ወይም ቢካፈሉት፥ መሬቱ ጦም ከሚያድር ለሁለቱም ይሻላቸዋል።

በጥርና በየካቲት ሕዝቡ በአፈርና በውኃ ጥበቃ ሥራ ይሰለፋል። ይህ ሥራ በእርከኑ ርዝመት ብቻ እየተቈጠረ ለሪፖርት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ሥራው ከተራራው ራስ ይጀመር፤ ከታች ተጀምሮ ከላይ ያልተያዘ ጎርፍ የታችኛውን እርከን ያፈርሰዋልና። የኮንሶ ሕዝብ በደረቅ ተራራ ላይ በድንጋይ እርከን አፈሩንና ውኃውን ይዞ ከ400 ዓመት በላይ ኖሮአል። ይህም ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶለታል። የኮንሶ እርከን ጸንቶ የኖረው አንድ ጊዜ ስለ ተካበ አይደለም፤ በየዓመቱ የፈረሰው ስለሚጠገን ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ለአዲስ እርከን ቀን ሲመድብ፥ ለአሮጌው መጠገኛም ቀን ይመድብ።

የምልክትና የትእዛዝ ሠሌዳ

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። ምልክቱ በታየ ቀን ስብሰባ ተጠርቶ ገና «ምን እናድርግ» እየተባለ እንዳይመከር፥ ትእዛዙ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ። ማሽላና ጤፍ በሚዘራበት የምሥራቅ ቆላና ወይና ደጋ ለሚገኝ ወረዳ የሚከተለው ሠሌዳ እንደ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ሌላው ወረዳ ቀኑንና እህሉን እንደ አገሩ ይለውጠው።

ሚያዝያ 30፤ የመዝሪያው ዝናም ያልመጣ እንደ ሆነ፥ የግብርናው ኃላፊ ፈጥኖ የሚደርሰውን የማሽላ ዘር ከወረዳው ጎተራ ወደ የቀበሌው ያስጭናል። መንገዱ በክረምት ሳይበላሽ ይህ ይፈጸም።

ሰኔ 30፤ ፈጥኖ የሚደርሰውም ማሽላ ያልበቀለ እንደ ሆነ፥ የጤፉ ዘር ለመታደል ይሰናዳል። የቤተ ሰቡ መዝገብ እንደገና ይታያል። በሴፍቲኔት የሚረዱትም ሰዎች ድርሻ እንዳይዘገይ ለበላይ ይጻፋል።

ሐምሌ 20፤ ጤፉ ሳይዘራ የቀረበት ቀበሌ ተለይቶ ይታወቃል። የጤና ሠራተኞች የትንንሽ ልጆችን ክንድ እየለኩ የከሱትን መመዝገብ ይጀምራሉ።

ነሐሴ 20፤ ሰብሉ የጠወለገ እንደ ሆነ፥ የወረዳው አስተዳዳሪ መኸርን ሳይጠብቅ የእርዳታ ጥያቄ በቍጥር አድርጎ ይጽፋል። ለመረሬው መሬት የሽምብራ ዘር ይታደላል። ሣር ያለበት ቦታ ሁሉ ለእርሻ በሬ ይጠበቃል።

መስከረም 20፤ ዝናሙ ቀድሞ የተቋረጠ እንደ ሆነ የሰብሉ ሁኔታ በየቀበሌው በዓይን ታይቶ ይጻፋል። የውኃ ማደያ የሚያስፈልጋቸው ጎጦች ይለያሉ፤ የተበላሸው የእጅ ፓምፕ ሁሉ ከኅዳር በፊት ይጠገናል።

በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፊት የአንድ ሰው ሥልጣንና ስም ይጻፍ። ለብዙዎች በጅምላ የተሰጠ ሥራ ለማንም ያልተሰጠ ነውና። ያ ሰው የታመመ ወይም የተዛወረ እንደ ሆነ የሚተካውም አብሮ ይጻፍ። ሹም ሲሻር ወይም ሲዛወር መዝገቡን፥ የጎተራውን ቍልፍና ሠሌዳውን ለተተኪው በፊርማ ያስረክብ።

አንዳንዱ ሹም «ዘሩን ካከፋፈልሁ በኋላ ዝናሙ ቢመጣ፥ እርዳታም ጠይቄ መኸሩ ቢያምር እታማለሁ» ብሎ ይፈራል። ይህን ፍርሃት በሚዛን መመልከት ይገባል። ሳያስፈልግ ወደ ቀበሌ የተጫነ ዘር ተመልሶ ጎተራ ይገባል፤ የሚጠፋው የጭነት ኪራይ ነው። አስፈልጎ ሳለ ያልተጫነ ዘር ግን የአንድ ዓመት ሰብል ያስቀራል፤ ከሰብሉም ቀጥሎ በሬው ይሸጣል፤ ከበሬውም ቀጥሎ ቤቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ምክር ቤቱ በተጻፈው ሠሌዳ መሠረት የሠራን ሹም፥ ዝናሙ በኋላ መጥቶ ቢገኝም፥ ሊወቅሰው አይገባም።

ስለ ከብት

በድርቅ ዓመት ሁሉም ከብቱን ወደ ገበያ ስለሚነዳ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ የእህልም ዋጋ ይወጣል። ቀድሞ የሸጠ ሰው በአንድ ወይፈን ብዙ እህል ይገዛል፤ ዘግይቶ የሸጠው ግን የከሳውን ከብት በጥቂት እህል ይለውጣል። ስለዚህ ምልክቱ በታየ ጊዜ ያረጀውና የመከነው ከብት ሳይከሳ እንዲሸጥ ገበሬውን መምከር ያስፈልጋል። የእርሻ በሬና የምትታለብ ላም ግን እንዳይሸጡ የተቻለው ሁሉ ይደረግ። ሁለት ጎረቤታሞች አንዳንድ በሬ አስቀርተው በመቀናጀት ሊያርሱ ይችላሉ። ከአንድ ጎጥ ጥቂት ጥማድ በሬ እንኳ ከተረፈ፥ በሚመጣው ክረምት ያ ጎጥ ያርሳል።

ለዚህም የሚሆን ሣር በጥቅምትና በኅዳር ሳይደርቅ ታጭዶ ይከመር። ጭዱና አገዳውም በየሜዳው ከሚቃጠል ይሰብሰብ። የከብት ክትባት ድርቁ ሳይጸና ይሰጥ፤ የከሳ ከብት በሽታን አይችልምና።

ስለ ተከለለ መሬት

በወላይታ በሁምቦ ወረዳ ያለው ተራራ በከሰል አክሳዮችና በልቅ ግጦሽ ተራቍቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅትና የአገሩ ሕዝብ ተስማምተው 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። ሥራው በብዛት ችግኝ መትከል አልነበረም። በምድር ውስጥ ሥሩ ያልሞተው ጉቶ እንዲያቈጠቍጥ ተተወ፤ ካቈጠቈጠውም መልካም መልካሙ ተመርጦ የቀረው ተገረዘ። ሕዝቡ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ የመሬቱን ጥበቃና ጥቅም በስሙ ያዘ። ዛፎቹ ከአየር ስለ ወሰዱት ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ ተከፈላቸው፤ ሣሩንም እያጨዱ ለከብት ያበላሉ።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ የጓሳ ምድርም ከዚህ እጅግ የቀደመ ሥርዓት ነበረ። ሕዝቡ ጠባቂ ሹም እየመረጠ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ ያቈየው ነበር። የበጋው ችግር በጸና ጊዜ ተመክሮበት ይከፈታል፤ ሣሩ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፥ ከብትም ይገባበታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታው ሕግ ሲለወጥ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመው። መዝጋት ብቻውን ጥበቃ አይደለም፤ መቼ እንደሚከፈትና ለማን እንደሚከፈት መወሰንም የጥበቃው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ምክር ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ። መሬት ሲከለል ብዙ ከብት ያለው ሰው ሌላ ግጦሽ ፈልጎ ይሄዳል። እንጨት ለቅማ ገበያ የምታወጣ ሴትና ሁለት ፍየል ያለው ሽማግሌ ግን መሄጃ የላቸውም። ክልሉ ለወረዳው ልማት፥ ለእነርሱ ግን ረኃብ ይሆንባቸዋል። በሌሊት ገብተው ቢቈርጡ በወንጀለኛ ስም ይቀጣሉ። ስለዚህ መሬት ከመከለሉ በፊት ከዚያ መሬት የሚኖረው ማን እንደ ሆነ ተቈጥሮ ይታወቅ። የሣሩ እጭድ፥ የንቡ ቀፎ፥ የጥበቃውም ደመወዝ በመጀመሪያ ለእነርሱ ይሰጥ። ድኻ የተጠቀመበትን ደን ድኻ ይጠብቀዋል።

ስለ ጎርፍና ስለ ናዳ

የአየር ጠባይ መለወጥ ድርቅ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከተማ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። አብዛኛውን ወራት ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ሰውን ያታልላል፤ ዝናሙ ከከተማው ርቆ በተራራ ላይ ቢወርድም ጎርፉ በድንገት ይደርሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ቦታ የመጀመሪያው ናዳ የሸፈናቸውን ወገኖች ለማውጣት ብዙ ሰው ሮጦ ተሰበሰበ፤ ሁለተኛው ናዳ ግን እነዚያን አጋዦች ቀበራቸው።

ከዚህ የተነሣ ምክር ቤቱ ሦስት ነገር ይወስን። ደረቅ ወንዝ በሚወርድበት አሸዋ ላይ ቤት እንዲሠራ አይፍቀድ። ከላይኛው ተፋሰስ ያለ ቀበሌ ጎርፍ ባየ ጊዜ ለታችኛው በስልክ፥ ስልክ በሌለበትም በደወልና በመለከት እንዲያስታውቅ አንድ ሰው ይሹም። ናዳ በወረደ ጊዜም ሕዝቡ በአንድነት ወደ ቦታው እንዳይጎርፍ፥ አንድ ሰው ከሩቅ ቆሞ ተራራውን እየተመለከተ ጥቂቶች ብቻ በተራ እንዲገቡ ይደረግ። ይህን ትእዛዝ በኀዘን ጊዜ መስጠት ከባድ ነው፤ ስለዚህም በሰላም ጊዜ ለሕዝቡ ተነግሮ ይታወቅ።

ስለ እውነተኛ ወሬ

ሠሌዳም፥ መዝገብም፥ ጎተራም ቢኖር ወሬው እውነተኛ ካልሆነ ሁሉ ከንቱ ነው። የቀበሌው ሹም ለወረዳ፥ ወረዳውም ለዞን ሲጽፍ «ሁሉ ደኅና ነው» ማለት በጊዜው ያስመሰግን ይሆናል። ሰብሉ የጠፋበትን ገበሬ ግን «መልካም ምርት አገባ» ብሎ መጻፍ ድርሻውን ከአፉ እንደ መንጠቅ ነው። እርዳታ ለማብዛት ቍጥርን ማጋነንም ያው ጥፋት ነው፤ ለአንዱ ወረዳ በሐሰት የተጨመረው ከሌላው ወረዳ ይጎድላልና፥ በሚመጣውም ዓመት እውነተኛው ጩኸት አይታመንም። ስለዚህ በየወሩ የሚላከው ጽሑፍ ከዝናም መዝገቡ፥ ከገበያው የእህልና የከብት ዋጋ፥ ከጤና ጣቢያውም የሕፃናት መዝገብ ጋር ተያይዞ ይላክ። ሹሙ ቢሳሳት እንኳ ቍጥሩ ይመሰክራል።

መደምደሚያ

አንዳንድ ሰዎች «የነገውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ አስቀድሞ ስለ ረኃብ መመካከር ሟርት ነው» ይላሉ። ለዚህ መልሱ በቅዱስ መጽሐፍ ይገኛል። ዮሴፍ በግብፅ የሚመጣውን ረኃብ ከፈርዖን ሕልም ባወቀ ጊዜ፥ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምድሩን ፍሬ አምስተኛ እጅ በየከተማው አከማቸ፤ ሹማምንትንም በየአገሩ አኖረ። ማስጠንቀቂያውን ከእግዚአብሔር ተቀበለ፤ ጎተራውን ግን በሰው እጅ ሠራ። ለዛሬው ሹም ደግሞ ሕልም ሳያስፈልገው የዝናም መለኪያው፥ የባሕሩ ወሬና የአባቶች መከራ ያስጠነቅቁታል።

እንግዲህ ይህ ትምህርት የደረሰው ምክር ቤት በመጀመሪያው ስብሰባው አራት ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ። የወረዳው የዝናም መዝገብ የት ነው? ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘራ ዘር ስንት ኩንታል አለ? በክፉ ዓመት ያልነጠፉት ምንጮች የትኞቹ ናቸው? ዝናም እስከ ሚያዝያ 30 ባይመጣ በማግሥቱ ማን ምን ያደርጋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያለው ወረዳ ድርቅ ቢመጣበት ይቸገራል፤ ነገር ግን በሬው ከቤቱ፥ ዘሩ ከጎተራው፥ ሕዝቡም ከቀዬው ይቈያል። ዝናሙ በተመለሰ ጊዜም ሞፈሩን አንሥቶ ያርሳል።